ትንፋሽ፣ ጉልበትና ሥጋት፦ አስም ያለባቸው ሰዎች የእንቅስቃሴ አቅምና የሥነ ልቡና ደኅንነት

አስም የአየር ቧንቧዎች ሥር የሰደደ ብግነት ነው፤ ብግነት ሲባልም የቧንቧው የውስጥ ሽፋን ተቆጥቶና አብጦ የሚቆይበት፣ ቧንቧውን የከበበው ጡንቻ በትንሽ ምክንያት የሚኮማተርበት፣ አክታውም ወፍሮ የአየሩን መተላለፊያ የሚያጠብበት ሁኔታ ማለት ነው። ከብዙዎቹ የሳንባ ሕመሞች የሚለየው ዋናው ጠባዩ ተለዋዋጭነቱ ሲሆን፣ ሌሊቱን ትንፋሽ አሳጥሮ፣ ደረት ጨምድዶና ሲር ሲር የሚል ድምፅ እያሰማ እንቅልፍ የነሣው ሕመም ረፋዱ ላይ ያልነበረ ያህል ሊጠፋ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያመለክተው በ2019 (በዚህ ዲስኩር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 262 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አስም የነበረባቸው ሲሆን 455 ሺህ ያህል ሰዎች በሕመሙ ሞተዋል፤ ከሟቾቹ የሚበዙትም ሕመሙ በወቅቱ ተለይቶ በማይታወቅባቸውና መድኃኒቱ እንደ ልብ በማይገኝባቸው፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆነ አገሮች የኖሩ ናቸው።

ይህ ቁጥር ግን ሕመሙ የወሰደውን ሁሉ አይናገርም። ደረጃ መውጣት ያቆመ፣ ኋላ መቅረትን ፈርቶ ከጓደኞቹ ጋር አብሮ መሄድን የተወ፣ በሰርግ ቤት እስክስታው ሲደምቅ ከመቀመጫው የማይነሣ፣ ከቤት ሲወጣ ከሁሉ አስቀድሞ ኪሱን ዳብሶ መድኃኒቱ መኖሩን የሚያረጋግጥ ሰው በየትኛውም የሞት መዝገብ ላይ አይገኝም፤ ሆኖም አስም ከብዙዎች ኑሮ ላይ የሚቀንሰው ትልቁ ነገር ይህ ነው። የዚህ ዲስኩር ዋና ሐሳብም አስም ያለበት ሰው ምን ያህል መሥራት፣ መሄድና መሮጥ ይችላል የሚለው ጥያቄ የአየር ቧንቧዎቹን ጥበት በመለካት ብቻ እንደማይመለስ፣ ለዓመታት ከእንቅስቃሴ መራቅና ትንፋሽ የማጣት ሥጋትም ጉልበትን በመገደብ ረገድ ከፍተኛ ድርሻ እንዳላቸው፣ ሁለቱም ደግሞ ሊቀነሱ የሚችሉ መሆናቸውን ማሳየት ነው።

የእንቅስቃሴ አቅም የሚባለው አንድ ሰው ከአቅሙ ጫፍ እስኪደርስ ሊሠራው የሚችለው የአካል ሥራ መጠን ነው። የተሟላ መሣሪያ ባለበት ስፍራ ሰውየው በመሮጫ ማሽን ወይም በቆመ ብስክሌት ላይ ሆኖ ሥራው ደረጃ በደረጃ እየከበደ ሲሄድ ሰውነቱ በደቂቃ የሚጠቀምበት ከፍተኛው የኦክስጅን መጠን ይለካል፤ መሣሪያ በሌለበት ደግሞ 30 ሜትር ርዝመት ባለው ኮሪደር ላይ በ6 ደቂቃ ውስጥ እየተመላለሰ ምን ያህል እንደሚጓዝ ይቆጠራል። ከዚህ የተለየው ስፓይሮሜትር የተባለው መሣሪያ የሚለካው፣ ሰው አየር በሙሉ ከሳበ በኋላ በመጀመሪያዋ ሰከንድ በኃይል ሊያስወጣ የሚችለውን መጠን ማለትም የቧንቧውን ክፍትነት ነው። የትንፋሽ ማጠር ስሜትን ለመለካት ደግሞ ስዊድናዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ጉናር ቦርግ ከ0 እስከ 10 የሚደርስ መመዘኛ ያዘጋጀ ሲሆን፣ የሚመዝነው ሐኪሙ ሳይሆን ሕመምተኛው ራሱ ነው። ለጭንቀትና ለድባቴ በስፋት የሚያገለግለው መጠይቅ በ1983 በዚግመንድና በስኔይዝ የተዘጋጀ፣ ሰባቱ ስለ ጭንቀት፣ ሰባቱ ስለ ድባቴ የሚጠይቁ 14 ጥያቄዎችን የያዘ ነው፤ አዘጋጆቹ የአካል ሕመም ራሱ የሚያመጣቸውን ምልክቶች ከጥያቄዎቹ ለማስወጣት መጠንቀቃቸው ለአስም ሕሙማን በተለይ ጠቃሚ ያደርገዋል። እነዚህ መለኪያዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ በአንድነት እንደማይጓዙ ይታያል፤ በስፓይሮሜትር ተቀራራቢ ውጤት ያላቸው ሁለት ሰዎች አንዱ አቀበቱን ያለ ችግር ሲወጣው ሌላው ከግማሽ መንገድ ይመለሳል።

የዚህ ልዩነት አንዱ ምንጭ እንቅስቃሴ በቧንቧዎቹ ላይ የሚያደርሰው ለውጥ ነው። ዕረፍት ላይ ያለ አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር አየር የሚያስገባ ሲሆን፣ በርትቶ ሲሮጥ ይህ መጠን ከ100 ሊትር ሊበልጥ ይችላል፤ ያን ጊዜም በአፍንጫ መተንፈስ ስለማይበቃ በአፍ መተንፈስ ይጀምራል፤ አፍንጫ ሲያሞቀውና ሲያረጥበው የነበረው አየርም ቀዝቃዛና ደረቅ እንደሆነ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ከቧንቧው ገጽ ላይ ውኃ ሲተን የቀረው ፈሳሽ የጨው ክምችቱ ይጨምራል፤ ይህም በሽፋኑ ውስጥ ያሉትን የመከላከያ ሕዋሳት ቀስቅሶ እንደ ሂስታሚንና ሉኮትራይን ያሉ፣ ጡንቻውን የሚያኮማትሩ ኬሚካሎችን እንዲለቁ ያደርጋል። ጥበቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው በሩጫው መካከል ሳይሆን ሩጫው ከቆመ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ በሰዓት ተኩል ውስጥም በአብዛኛው በራሱ ይለቃል። ከዚያ በኋላ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ በግማሾቹ ሰዎች ላይ ሁለተኛው እንቅስቃሴ ያን ያህል ጥበት አያስከትልም፤ አሰልጣኞች በደንብ ማሟሟቅን የሚመክሩበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለምትገኘው ለአዲስ አበባ ነዋሪ የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው፦ የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳ አየር ቀዝቃዛም ደረቅም በመሆኑ ለሯጭ በሚመችበት ሰዓት ለአስም ሕመምተኛ ቧንቧ አይመችም። በዚህ ሰዓት አፍና አፍንጫን በሻርፕ ወይም በነጠላ ሸፍኖ መሄድ የሚገባውን አየር ስለሚያሞቅና ስለሚያረጥብ ከልማድ ያለፈ የሕክምና ፋይዳ አለው።

ሆኖም በእንቅስቃሴ ወቅት የሚመጣ የትንፋሽ ማጠር ሁሉ ከቧንቧ ጥበት የመጣ አይደለም፤ ብዙ ሕሙማን የሚሳሳቱትም፣ ብዙ ባለሙያዎችም ሳያስረዱ የሚያልፉት እዚህ ላይ ነው። ከላይ ከተገለጸው ሌላ ሁለተኛ ዓይነት የትንፋሽ ማጠር አለ፤ ይህም ጡንቻው ሳይሠራ የኖረ ሰው በትንሽ ሥራ ላክቴት የተባለውን ንጥረ ነገር ቶሎ ስለሚያከማች፣ ሰውነቱ ከዚህ የሚመጣውን አሲድነት ለማካካስ ትንፋሹን ስለሚያፋጥን የሚሰማው ነው፤ አስም የሌለበት ነገር ግን ለዓመታት ተቀምጦ የኖረ ሰውም ይኸው ይሰማዋል። ሦስተኛው ከሥጋት የሚመጣው ነው፤ የፈራ ሰው ሰውነቱ ከሚፈልገው በላይ ቶሎ ቶሎና ከላይ ከላይ ሲተነፍስ በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ራሱ ይዞርበታል፣ ጣቶቹና ከንፈሩ ይነዘራሉ፣ አየር እያስገባ አየር ያጠረው ይመስለዋል። ሦስቱን መለየት የሚቻልባቸው ምልክቶች አሉ፦ የመጀመሪያው ሳልና የሚያፏጭ ድምፅ ይዞ የሚመጣ፣ እንቅስቃሴው ከቆመ በኋላ የሚብስና በሚሳበው ቧንቧ ከፋች መድኃኒት የሚለቅ ነው፤ ሁለተኛው እንደ ቆሙ በጥቂት ደቂቃ የሚረግብ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ሥራው ከመጀመሩ በፊት እንኳ ሊመጣ የሚችልና መድኃኒቱን ደጋግሞ በመሳብ የማይሻል፣ እንዲያውም መድኃኒቱ የልብ ምትን ስለሚያፈጥን ሊባባስ የሚችል ነው። ጥርጣሬ በገባ ጊዜ ግን እንደ አስም ቆጥሮ መርዳት ይቀድማል።

እነዚህ ሦስቱ ተያይዘው ሲሠሩ የሕመምተኛው ዓለም እየጠበበ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ሮጦ ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ሁለተኛ መሮጥን ይፈራል፤ ወላጅ ስለሚሳሳለት፣ መምህርም ኃላፊነት ስለሚፈራ ከሜዳው ዳር እንዲቀመጥ ይደረጋል፤ በመቀመጡ ጡንቻውና ልቡ ይደክማሉ፤ በመድከማቸው ከቀድሞው ባነሰ ሥራ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ይህንንም ሕመሙ የባሰበት ምልክት አድርጎ ስለሚወስደው ፍርሃቱ ይጸናል። ቧንቧዎቹ በዚህ ጊዜ ሁሉ ምንም ያህል ሳይለወጡ ቆይተው ሊሆን ይችላል። ፍርሃቱ ከንቱ ነው ማለት ግን ስሕተትም ግፍም ነው፤ አየር ማጣትን የቀመሰ ሰው የሚፈራው በእርግጥ የደረሰበትን ነገር ነውና።

በአስምና በአእምሮ መካከል ያለው ግንኙነት በሕክምና ታሪክ ውስጥ መጥፎ አያያዝ የገጠመው ርዕስ ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በቺካጎ ይሠራ የነበረው የሥነ ልቡና ተንታኝ ፍራንዝ አሌክሳንደር አስምን ከውስጣዊ የስሜት ግጭት ይመነጫሉ ብሎ ካሰባቸው ሰባት ሕመሞች አንዱ አድርጎ ቆጥሮት የነበረ ሲሆን፣ የሚያፏጨውን ትንፋሽ ልጁ ለእናቱ ያፈነው ለቅሶ አድርገው የሚተረጉሙም ነበሩ፤ በዚህ አስተሳሰብ ብዙ እናቶች ለልጆቻቸው ሕመም ተጠያቂ ተደርገዋል። ብግነቱ በጥናት ከታወቀና የሚሳብ ስቴሮይድ ብግነቱን እንደሚያበርድ ከተረጋገጠ በኋላ ይህ አመለካከት ወደቀ፤ መውደቁም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ከርሱ ጋር አንድ እውነት አብሮ ተረሳ። በ1968 በታተመው የሉፓሬሎና የባልደረቦቹ ጥናት 40 የአስም ሕሙማን የሚሳብ ጨዋማ ውኃ ብቻ ተሰጥቷቸው፣ ነገር ግን ሕመማቸውን የሚቀሰቅስ ነገር መሆኑ ተነግሯቸው፣ የ19ኙ ቧንቧ በመሣሪያ በሚለካ ደረጃ ጠቧል፤ ከነዚህም 12ቱ ሙሉ የአስም ጥቃት ደርሶባቸዋል፤ ያው ውኃ መድኃኒት ነው ተብሎ በተሰጣቸው ጊዜም ተሽሏቸዋል። አስም የሌለባቸው ተሳታፊዎች ግን እንዲህ ያለ ለውጥ አላሳዩም። እንግዲህ ሐሳብ አስምን አይፈጥርም፤ የተቆጣ ቧንቧን ግን ከአንጎል ወደ ሳንባ በሚወርደው ቬገስ በተባለው ነርቭ በኩል ሊያጠብ ይችላል። ይህ ከሕመምተኛው ጥፋት ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም፤ የአካል አሠራር ነው።

የሥነ ልቡናው ሸክም ስፋት በጥናት ታይቷል። በ17 አገሮች የተካሄዱትና በ2007 ውጤታቸው የታተመው የዓለም የአእምሮ ጤና ዳሰሳዎች ድባቴና የጭንቀት መታወክ አስም ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሌለባቸው በአንድ ተኩል እጥፍ ያህል የበረታ ዕድል እንዳላቸው አሳይተዋል። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ በሌሊት ሳል የተቆራረጠ እንቅልፍ፣ ጥቃቱ መቼ እንደሚመጣ አለማወቅ፣ ከሥራና ከትምህርት መቅረት፣ የመድኃኒት ወጪ፣ የሰው ዐይን ይገኙበታል። በኢትዮጵያ ሳል የሚያሳዩ ሕሙማን በሳንባ ነቀርሳ ሊጠረጠሩ ስለሚችሉ በሰው ፊት ላለማሳል መጨነቅ ተጨማሪ ሸክም ሲሆን፣ የሚሳበው መድኃኒት ሱስ ያስይዛል፣ ወይም ተስፋ ለቆረጡ ብቻ የሚሰጥ የመጨረሻ መድኃኒት ነው የሚለው ወሬም ብዙዎችን መድኃኒታቸውን በኪሳቸው ደብቀው እንዲይዙ፣ ሲሻላቸውም እንዲያቋርጡት ያደርጋል። ይህ ወሬ ሐሰት ነው፤ የሚሳበው ስቴሮይድ ሱስ አያስይዝም፣ በቀጥታ ቧንቧው ላይ ስለሚደርስም በጣም አነስተኛ በሆነ መጠን ይሠራል። ድባቴ የያዘው ሰው በበኩሉ መድኃኒቱን በየዕለቱ ለመውሰድ ብርታት ስለሚያጣ ብግነቱ ይባባሳል፤ አካልና መንፈስ በዚህ መንገድ አንዱ ሌላውን ይጎዳል።

ይህ ዑደት ከየት በኩል ቢጀመር ይበጠሳል የሚለውን ጥያቄ በሥርዓት ከመረመሩት መካከል በብራዚል የሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። በ2010 ባሳተሙት ጥናት መካከለኛ ወይም ከባድ አስም ያለባቸውን 101 ሕሙማን በዕጣ ከሁለት ከፈሏቸው፤ ሁለቱም ወገኖች ስለ ሕመሙ ትምህርትና የአተነፋፈስ ልምምድ አገኙ፤ አንደኛው ወገን ግን በተጨማሪ በሳምንት ሁለት ቀን ለ3 ወር የኤሮቢክ ሥልጠና፣ ማለትም ልብና ሳንባን በመካከለኛ ጫና ያለ ማቋረጥ የሚያሠራ እንቅስቃሴ፣ አደረገ። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ሥልጠናውን ያገኘው ወገን የኑሮ ጥራት መመዘኛው ተሻሻለ፣ ምልክት ያላየባቸው ቀናት በዙ፣ ጭንቀቱና ድባቴውም ቀነሰ፤ ትምህርቱን ብቻ ያገኘው ወገን ግን እንዲህ ያለ መሻሻል አላሳየም። ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ውጤት ደግሞ በሥልጠናው የበለጠ የተጠቀሙት መጀመሪያ ላይ ጭንቀታቸውና ድባቴያቸው የበረታው መሆናቸው ነው፤ በተለመደው አሠራር ግን ከእንቅስቃሴ አስቀድመው እንዲርቁ የሚመከሩት እነርሱ ናቸው። ያው የተመራማሪዎች ቡድን በ2015 ባወጣው ሌላ ጥናት ላይ 58 ሰዎች ገብተው 43ቱ ያጠናቀቁ ሲሆን፣ ከ12 ሳምንት ሥልጠና በኋላ ቧንቧው ለቀስቃሽ ነገር የሚያሳየው ቁጡነት መቀነሱ ታይቷል።

እነዚህን መሰል 21 ጥናቶችንና 772 ተሳታፊዎችን አንድ ላይ የመረመረው የ2013 የኮክሬን ግምገማ የአካል ሥልጠና አስም ላለባቸው ሰዎች ጉዳት ሳያስከትል ከፍተኛውን የኦክስጅን አጠቃቀም በኪሎ ግራም ክብደት በደቂቃ ወደ 5 ሚሊ ሊትር ያህል እንደሚያሳድግ፣ በዕረፍት ጊዜ የሚለካውን የሳንባ አሠራር ግን ያን ያህል እንደማይለውጥ አሳይቷል። ሁለቱ ውጤቶች አብረው መነበብ አለባቸው፦ ሳንባው እንደነበረ ሆኖ ጉልበቱ ካደገ፣ አስቀድሞ ጉልበቱን የገደበው ሳንባው ብቻ አልነበረም ማለት ነው። የመንፈሱ መሻሻልም ከዚህ ጋር የተያያዘ ይመስላል፤ በሠለጠነ ሰው ፊት፣ በተመጠነ ጫና፣ ደጋግሞ ትንፋሹ ፈጥኖ ደጋግሞ በሰላም የረገበለት ሰው የፈጣን ትንፋሽን ስሜት ከጥቃት ምልክት መለየትን በቃል ሳይሆን በገዛ ሰውነቱ ይማራል።

ከፍ ባለው የስፖርት ደረጃም ማስረጃው አይጠፋም። ኢትዮጵያ ባልተካፈለችበት በ1984ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ከ597ቱ የአሜሪካ ስፖርተኞች 67ቱ በእንቅስቃሴ የሚቀሰቀስ አስም እንደነበረባቸውና 41 ሜዳልያ እንዳገኙ ተመዝግቧል። በ2000 በሲድኒ ደራርቱ ቱሉና ጌጤ ዋሚ አንደኛና ሁለተኛ በወጡበት የ10,000 ሜትር ውድድር አብዛኛውን ዙር የመራችውና በመጨረሻ አራተኛ የሆነችው እንግሊዛዊቷ ፖላ ራድክሊፍ ከልጅነቷ ጀምሮ አስም ያለባት ሯጭ ናት፤ በ2003 ለንደን ላይ በ2:15:25 ያስመዘገበችው የማራቶን ክብረ ወሰንም ለ16 ዓመት ሳይሰበር ቆይቷል። ይህ ሁሉም ሰው ሻምፒዮን ይሆናል ለማለት አይደለም፤ በሐኪም ክትትል የተያዘ አስም ከሩጫ ጋር አብሮ መኖር እንደሚችል ለመመስከር ግን ይበቃል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ የራሱ መልክ አለው። በ1997 በታተመው የጅማ ጥናት ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠይቀው አስም በከተማ ነዋሪዎች ላይ ከገጠሩ በልጦ ተገኝቷል፤ ወደ እስራኤል በገቡ ቤተ እስራኤላውያን ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ብዙዎቹ በሕመሙ የተያዙት በአዲሱ አገር ከኖሩ በኋላ መሆኑን አሳይተዋል። ከከተሜነት ጋር እየበዛ የሚሄድ ሕመም ከተሜነት ከሚያመጣው ተቀምጦ መዋል ጋር ሲገናኝ ጉዳቱ ይደረባል። የእንጀራ ምጣድ ጭስ፣ ከሰልና ዕጣን በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ በየመንገዱ የሚነሣው አቧራና የመኪና ጭስ፣ በኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ የሚቃጠለው ቆሻሻ የአስም ሕመምተኛን ቧንቧ የሚያስቆጡ ናቸው፤ በእነዚህ ሰዓታትና ስፍራዎች እንቅስቃሴ ማድረግ አይመከርም። ከመኪና ነፃ በሚሆኑ የእሑድ ማለዳ ጎዳናዎች ላይ፣ ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ፣ በእርምጃ መጀመር ግን ወጪ የማይጠይቅ ሕክምና ነው።

ሆኖም ሕክምናው ቀድሞ ሥልጠናው የሚከተልበት ቅደም ተከተል መጠበቅ አለበት። ጂና በሚል አጭር ስያሜ የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ ከ2019 ጀምሮ አዋቂዎችና ጎረምሶች ሳልቡታሞልን በመሳሰሉ ፈጣን ከፋቾች ብቻ እንዳይታከሙ፣ ብግነቱን የሚያበርድ የሚሳብ ስቴሮይድም እንዲያገኙ ይመክራል። ሌሊት በሳል የሚነቃ፣ ቀን ቀንም ከፋቹን መድኃኒት ደጋግሞ የሚፈልግ ሰው ከሥልጠና በፊት ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሕመሙ የተያዘለት ሰው ግን ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ቀስ ብሎ አሟሙቆ፣ ሐኪሙ ካዘዘለትም አስቀድሞ መድኃኒቱን ስቦ፣ መናገር በሚያስችል ነገር ግን መዝፈን በማያስችል ፍጥነት መጓዝ ይችላል። መድኃኒቱ በጉሮሮ እንዳይቀር የሚያግዘው መሳቢያ ዕቃ በማይገኝበት ስፍራም የደቡብ አፍሪካዋ የሕፃናት ሐኪም ሄዘር ዛርና ባልደረቦቿ በ1999 እንዳሳዩት፣ በትክክል የተዘጋጀ የግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ለሕፃናት ከተገዛው እኩል ያገለግላል።

እንግዲህ የጤና ባለሙያዎች የአስም ሕመምተኛን ሲያዩ ደረቱን አዳምጠው ብቻ እንዳያሰናብቱት፣ ምን ያህል እንደሚሄድ፣ ምን መሥራት እንደተወ፣ ምን እንደሚፈራ እንዲጠይቁት ያስፈልጋል፤ ጭንቀቱና ድባቴው ከበረታም የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲያየው መላክ የአስም ሕክምናው አካል ነው። ወላጆችም የልጃቸውን ሕመምና የመድኃኒቱን አጠቃቀም ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ያሳውቁ። የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ደግሞ አስም ያለበትን ልጅ ከሜዳው ዳር አያስቀምጡት፤ መድኃኒቱን በእጁ አስይዘው፣ ከጓደኞቹ ቀደም ብሎ እንዲያሟሙቅ ፈቅደው፣ ደረቱ ሲያፏጭም እንዲያርፍ እየተከታተሉት ከእኩዮቹ ጋር ያጫውቱት።